አልፎ አልፎ አይገድልም

ስለ ጋሼ ያርጋል ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አስቀዋለሁ፤ የሚያስቅ ሰው ነበርና። የሚያስቀው ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚያ ላይ እኔም አለሁበት።

ዘመኑ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዘመን ነው፤ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ከተማ ተመድቤ ደባርቅ መጣሁ፤ ከደባርቅም በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ወደምታስኬድ አንዲት የገብርኤል አጥቢያ ተላክሁ። እዚያ አርባ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። ጋሼ ያርጋል የእኔን ጨምሮ የሰባት ማስተማሪያ ጣቢያዎች ተቆጣጣሪ ነበር። ገበሬዎቹ «ጓድ ተቆጣጣሪ» ይሉታል፤ «ጓድ» የሚለውን ቃል ልክ «አባ» እንደሚሉት አድርገው፣ በአክብሮት።

የዳባት ሰው ነው። ዳባት ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል፤ ያስተማራቸው ልጆች እስከ ዛሬ ማባዛት አይሳሳቱም። ሰው ሲያመው ቀድሞ የሚደርስ፣ ለቅሶ ቤት ተጣድፎ ድንኳን የሚተክል፣ ተማሪ ገርፎ የማያውቅ ሰው ነበር። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረው፤ ምግብ ይወዳል። ይወዳል ስል እንደ እናንተና እንደ እኔ አይደለም። ወጥ ሲቀርብለት ዓይኑን ጨፍኖ መጀመሪያ ሽታውን ነበር የሚቀበለው። በእኛ አገር ደግሞ ወፍራም ሰው ይከበራል እንጂ አይመከርም፤ «ደላው» ይባላል። ስለዚህ አርባ አምስት ዓመት እስኪሞላው «ኧረ በቃህ» ያለው አልነበረም። ሚስቱ እትዬ ስንዱ እንኳ ከፊቱ እንጀራ የተረፈ ቀን «አሞት ይሆን?» እያለች ትጨነቅ ነበር።

ለቁጥጥር ሥራው መኪና የለም። ገበሬ ማኅበሩ በሳምንት ሁለት ቀን በቅሎ ያቅርብ ተባለ። አባላቱ ተሰብስበው ሲመክሩ የአንዱ በቅሎ አነከሰች፣ የአንዱ ገና አልተገራችም፣ የሌላው በውሰት ሩቅ አገር ሄዳለች። በመጨረሻ ዕጣው ሸጊቱ ላይ ወደቀ። ዕጣ ስል ዕጣ የሚባል ነገር አልተጣለም። ሸጊቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ስብሰባ መሀል ተነሥቶ «የሷስ ይቅር» የሚልላት ወንድም አልነበራት።

በቅሎዋ ዳማ ነበረች፤ ስሟም ዳማ ነው። ሸጊቱ በሬ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤቶቿን ገብስ በዳማ ጭና ደባርቅ ገበያ ታደርሳለች፤ ስትመለስ ጨውና ላምባ ትጭናለች፤ ለድካሟ በሚሰፍሩላት እህል ሁለት ሴት ልጆቿን ታበላለች። ዳማ ከሌለች ሸጊቱ የለችም። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጋሼ ያርጋልም ያውቃል።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ከመንደሩ በታች ያለውን አቀበት ሲወጡ ዳማ በፊት ጉልበቶቿ ተንበረከከች። ጋሼ ያርጋል በጆሮዋ በኩል አልፎ የታጨደው ገብስ ላይ ተዘረጋ። አጫጆቹ መጀመሪያ «በስመ አብ» አሉ። ቀጥሎ አንዱ ማጭዱን እንደያዘ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ጋሼ ያርጋልም ከወደቀበት ሆኖ አብሯቸው ሳቀ። እኔም ልቀበለው ወጥቼ ነበርና ከት ብዬ ሳቅሁ። ሸጊቱ ብቻ አልሳቀችም። የያዘችውን ነዶ ጥላ እየሮጠች መጣች፤ በጋሼ ያርጋል አጠገብ አልፋ ወደ ዳማ ሄደች። የበቅሎዋ ጉልበት ተልጦ ደም ይወርዳል፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ የሁላችንም ሳቅ ቆመ።

ጋሼ ያርጋል ተነሥቶ ገለባውን ከኮቱ ሳያራግፍ አጠገቧ ሄዶ ቆመ።

«ሸጊቱ» አላት፣ «በገብርኤል ፊት ልንገርሽ። እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ድረስ ግማሼን ነው የምታገኚው። እስከዚያም አቀበት አቀበቱን ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ዳማን ከእንግዲህ አላስጨንቃትም።»

«እግዜር ያሳካልዎ» አለች ሸጊቱ። ቀና ብላ አላየችውም፤ የበቅሎዋን ጉልበት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

በማግስቱ ወደ ድሬሰር ደርበው ሄደ። ደርበው ደባርቅ ላይ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የጋሼ ያርጋል የልጅነት ጓደኛ ነው። የደም ግፊቱን ለክቶ ራሱን ነቀነቀ። የክሊኒኩ ሚዛን ተበላሽቶ ስለነበር ሄደህ በእህሉ ባስኩል ተመዘን አለው። ቅዳሜ ዕለት፣ ገበያው ሞልቶ፣ ጋሼ ያርጋል ጫማውን አውልቆ በጆንያዎቹ መካከል ባስኩል ላይ ወጣ። መቶ ስምንት ኪሎ። «ኩንታል ከነምርቃቱ» አለ አንድ ነጋዴ፤ ገበያው በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም ለአንድ ወር ያህል ያው ሆኖ ቀረ።

የደርበውን ምክር ራሱ ጋሼ ያርጋል ነው የነገረኝ። ቅቤ የለም፣ ጮማ የለም፣ ጠላ የለም፣ እንጀራም አንድ ብቻ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «አልፎ አልፎስ?» ብሎ ጠየቀው። ደርበውም የሚበላ ሰው ነውና አሳዘነው መሰል፣ «መቼም አልፎ አልፎ አይገድልህም» አለው።

«ሰማሽ የዓለምወርቅ?» አለኝ ጋሼ ያርጋል፣ ፊቱ በርቶ። «አልፎ አልፎ አይገድልም ብሏል።» ከምክሩ ሁሉ አጥብቆ የያዘው ይቺን ነበር።

መጀመሪያ ላይ ግን ቃሉን ጠበቀ፤ ሐሰት አልናገርበትም። የነቢያት ጾም ገባ። ቆሎውን በኪሱ ይዞ ይመጣል፤ ቀትር ላይ በሶውን በጥብጦ ይጠጣል፤ አቀበቱ ሥር ሲደርስ ከዳማ ወርዶ እያለከለከ በእግሩ ይወጣል። ለገና ባስኩሉ ዘጠና ዘጠኝ አለ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እያሳየ ዞረ። «ያከሳህ ጾሙ ነው» ብለው ተቀየመኝ። ነገር ግን ያከሳው ጾሙ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መከልከል እሱ ብቻ ነው፤ ቀኑ የተወሰነ፣ አገር በሙሉ አብሮት የሚከለከለው። ብቻውን መከልከል አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ከገና በኋላ ሁለታችን ብዙ ተከራከርን። እኔ «ከቆረጡ መቁረጥ ነው» እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ እንደ ሸምበቆ ነው፤ ምን ገዶኝ። እሱ ደግሞ እንዲህ ይለኛል፦

«ሰውን ጨርሶ ከከለከልሽው ይሰርቃል። ትንሽ ከተውሽለት ይታመናል። ይኸ የሒሳብ ያህል የታወቀ ነገር ነው።»

አሁን ስመለከተው እሱ ነበር ልክ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ሁሉን እርም ያለ ሰው ከሦስት ሳምንት አያልፍም። የጋሼ ያርጋል ስሕተት ትንሽ ልተው ማለቱ አልነበረም። ስሕተቱ ያቺን ትንሽ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። «የምተዋት ለጽዋ ብቻ ነው» አለ። «የሚካኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ በወር አንዴ ነው። ጽዋ ደግሞ አይገፋም። በጻድቃን ስም የቀረበ እንጀራ በቃኝ ከተባለ ነውር ብቻ አይደለም፣ ኃጢአት ነው።» ማን ምን ይለዋል? ቀሳውስቱ ራሳቸው ይህንኑ ነው የሚሉት።

እናም በወር በአሥራ ሁለት የሚካኤል ጽዋ አለ። ጥር ላይ ደግሞ የእናቱ ማኅበር ነበር ብሎ የማርያምን ጨመረ፤ ሃያ አንድ። ቀጥሎ አንዱ ጣቢያ ያሉ ሰዎች ሲለምኑት አፈረና መድኃኔዓለም ገባ። ቀጥሎ ባለወልድ። ከዚያም በአሥራ ዘጠኝ የእኛ መንደር ገብርኤል። ወሩ ጥር ነው፤ እህል ገብቷል፣ ጎተራ ሞልቷል፣ ላም ወልዳለች። የጽዋ ቤቱ ሁሉ ቅቤ በቅቤ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር በወር አንዴ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም አልፎ አልፎ ነው።

አንድ ቀን ደመወዝ ልቀበል ደባርቅ ወርጄ ቢሮው ገባሁ። ግድግዳው ላይ የቁጥጥር ፕሮግራሙ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ተለጥፏል። አንዱ ጣቢያ በአሥራ ሁለት፣ አንዱ በአሥራ ዘጠኝ፣ አንዱ በሃያ አንድ፣ አንዱ በሃያ ሰባት፣ አንዱ በሃያ ዘጠኝ። ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። ጓድ ተቆጣጣሪ የአብዮታዊ መንግሥቱን ዘመቻ በስንክሳር አስተካክሎ ይቆጣጠር ነበር። አለቆቹ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም ብለው ያመሰግኑታል። እኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ እሱም «ዝም በይ አንቺ፣ ታስፈጂኛለሽ» እያለ ሳቀ።

ያልሳቀችው ዳማ ናት። ወደ ጽዋው የምትወስደው እሷ፣ ከጽዋው የምትመልሰው እሷ። ጠግቦ ጠላ የጠጣ ሰው ኮርቻ ላይ ያንቀላፋል፤ ያንቀላፋ ሰው ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፤ የተጋደመ ሰው የተቀመጠበት ኮርቻ የበቅሎዋን ጀርባ በዚያ በኩል ሲገዘግዘው ይውላል። አቀበቱ ሥር መውረድም ቀረ። ባስኩሉ የካቲት መግቢያ ላይ መቶ አራት ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጋሼ ያርጋል መመዘኑን ተወ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

የካቲት ከገባ አንድ ሳምንት ሆኖት ይሆናል። ከቀትር በኋላ ትምህርቱን ጨርሼ ስወጣ ሸጊቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ትጉህ ተማሪዬ ነበረች፤ ፊደሉን ከሁሉም ቀድማ የለየችው እሷ ናት። እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ ወሰደችኝ። ዳማ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ ጨርቅ አለ። ጨርቁን ገለጠችው።

መዳፌን ሁለት እጥፍ የሚያክል ቦታ ቆዳው ተገሽልጦ ሥጋው ቀልቷል። ዝንብ ወርሶታል። ሸጊቱ ጨርቁን ስትነካው ዳማ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ተንቀጠቀጠች።

«ገጣባ ሆናለች» አለች ሸጊቱ። «የማኅበሩን ሊቀ መንበር ነግሬው 'የመንግሥት ሥራ ነው' አለኝ። የኔ ልጅ፣ አንቺ ለጓድ ተቆጣጣሪ ብትነግሪልኝ። እኔ ብናገር ሰውየውን በውፍረታቸው አዋረድኋቸው ይመስላል፤ ደግ ሰው ናቸው፣ እንዲያው ባያውቁ ነው። አንቺ ግን የተማርሽ ነሽ፣ በዘዴ ታደርጊዋለሽ።»

«እነግረዋለሁ» አልኳት።

አልነገርኩትም። ወደ ጎንደር እንድዛወር ያቀረብኩት ማመልከቻ በጋሼ ያርጋል መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው። እናቴ ታማ ነበር ብል ደስ ባለኝ። አልታመመችም። ብርዱ ሰልችቶኝ ነበር፤ በጠዋት ውኃው በረዶ ሠርቶ መቆየቱ፣ ቁንጫው፣ የመብራቱ እጦት። ሰውየውን አስቀይሜ ሌላ ዓመት እዚያ እንዳልቀር ፈራሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ራሴን ግን «ዕድሜውን ማክበር ነው፣ ነውር ይሆናል» እያልኩ አሳመንኩት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ መጣ። በሁለተኛው «ጋሼ ያርጋል፣ ስለ በቅሎዋ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ሆነች?» አለኝ ዞር ብሎ።

«ምንም። ገብስ ትወዳለች ልልህ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው እንደ እኔው ናት» ብሎ ሳቀ። ሸጊቱ አጠገባችን ልጓም ይዛ ቆማ ነበር። ሰምታኛለች።

የፈተናው ቀን የካቲት አሥራ ዘጠኝ ተወሰነ፤ ለምን አሥራ ዘጠኝ እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። የገብርኤል ጽዋ በዚያ ወር ተረኛዋ ሸጊቱ ነበረች። ጠዋት ፈተና፣ ከቀትር በኋላ ጽዋ።

ጋሼ ያርጋል ስለ ፈተና የራሱ ደንብ ነበረው። ማንበቡን ከመጽሐፉ ያስነብባል፤ ለጽሕፈቱ ግን መፈክር አያስጽፍም። «ከራሳችሁ ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ» ይላል። «የተሸመደደ ነገር መጻፍ አይባልም።» ጥሩ መምህር ነበር አልኳችሁ። ገበሬዎቹ ተራ በተራ ወደ ጥቁር ሰሌዳው እየወጡ ላባቸው እየተንጠባጠበ ይጽፋሉ፤ እሱ ጮክ ብሎ እያነበበ ያሞግሳቸዋል። አንዱ «ላሜ ወይፈን ወለደች» ብሎ ጻፈ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ ወታደር ሄደ» ብለው ጽፈው ጠመኔውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ከዚያ ሸጊቱ ወጣች።

ቀስ ብላ ነው የጻፈችው። «ቅ» ላይ እጇ ትንሽ ቆመ፤ አስታወሰችና ቀጠለች። ስትጨርስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ጋሼ ያርጋል እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«የበቅሎዬ ጀርባ ቆስሏል።»

አርባው ሰው አንገቱን ደፋ። እሱ ግን ገና አልገባውም ነበር፤ መምህርነቱ ቀድሞት «ጎበዝ፣ አንድም ግድፈት የለው። ከምን የተነሣ ቆሰለ? እሱንም ጨምሪበት» አላት። ሸጊቱ ወደ መሬት አየች። ሽማግሌው ወደ ውጭ፣ ዳማ ኮርቻዋ እንደተጫነ ወደታሰረችበት አዩ። ያኔ ጋሼ ያርጋልም ወደዚያ አየ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከጥምቀት ወዲህ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ሸጊቱ?»

«ለመምህሯ ነግሬያት ነበር» አለች ሸጊቱ። ቶሎ ብላም ጨመረች፤ «ሥራ በዝቶባት ረስታው ይሆናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ይደመጣል ብላችሁን የለ፣ ለዚያ ነው የጻፍሁት። ክፉ ከሆነ አጠፋዋለሁ።»

የሰሌዳ መጥረጊያውን ጨርቅ አንሥታ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። «ተይው» አላት ጋሼ ያርጋል።

ረስታው ይሆናል። ብትሰድበኝ ኖሮ ዛሬ ስድቧን ረስቼው ነበር። እሷ ግን በአርባ ሰው ፊት ምክንያት ፈልጋ ሸፈነችኝ፤ እያወቀች። ገብስ ትወዳለች ስል የሰማች ሴት ናት። ጋሼ ያርጋል ወደ እኔ አልዞረም። ወረቀቱ ላይ በስሟ አንጻር «ሙሉ» ብሎ ጻፈና ወጣ።

ኮርቻውን ራሱ ፈታው። እስከዚያ ቀን ኮርቻ ፈትቶ አያውቅም ነበር፤ ሲደርስ ሰው ይቀበለዋል፣ ሲወርድ ሰው ይዞ ይሄዳል። ከክፍሉ በር ሆነን እናየዋለን። ከኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበርና በምራቁ እያራሰ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲላቀቅለት እጁን አፉ ላይ ጫነ። ዳማ ዞራ ኮቱን አሸተተችው፤ ቆሎ የሚይዝበትን ኪስ ታውቀው ነበር።

ከቀትር በኋላ ሊቀር ፈልጎ ነበር። ግን የሸጊቱን ጽዋ ጥሎ ቢሄድ ተቀይሞ ሄደ ይባላል፤ ሸጊቱ ላይ ሌላ ጣጣ ነው። ገባ። ቄስ ገብረ ኪዳን ባረኩ፤ ጽዋው ዞረ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሸጊቱ በግ አሳርዳ ነበር። ወጡን ለጋሼ ያርጋል ለብቻው አወጣችለትና አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀችው።

«ቅቤ አጥሮታል፣ እንዳይታዘቡኝ። የነበረችኝም ለዳማ ጀርባ ስቀባት ነው ያለቀችው።»

ክፋት አልነበረባትም። ለእንግዳ የሚባል ነገር ነው፤ ተረኛ ሁሉ ወጤ ቅቤ አጥሮታል ይላል። ጋሼ ያርጋል አንድ ጉርሻ አነሣ። እጁ መንገድ ላይ ቆመ። መልሶ እንዳያስቀምጠው ጽዋ ነው፤ ልጉረሰው ቢል አልሄድለት አለ። በመጨረሻ ጎረሰ፤ ሲያላምጥ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ማንም እንዳላየ ሆነ። ከዚያ በላይ አልነካም። እሱ ከፊቱ ምግብ ሲያስተርፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ እስከ መጨረሻው በላሁ። ሸጊቱ ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ።

ደባርቅ የገባው በእግሩ ነው። በማግስቱ ቢሮው ስሄድ ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጎ ሰጠኝ፤ ስለ በቅሎዋ አንድ ቃል አልተናገረም። ጎንደር ስደርስ ከፍቼ አነበብኩት። «ሐቀኛና ለሠፊው ሕዝብ አዛኝ መሆኗን አረጋግጣለሁ» ይላል። የተጻፈበት ቀን የካቲት አሥራ ስምንት ነበር። ቀዶ ሌላ መጻፍ ይችል ነበር፤ አልቀደደውም። በዚያ ደብዳቤ ተዛወርኩ።

የቀረውን ከሰው ነው የሰማሁት። ዐቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ ሰባቱንም ጣቢያ በእግሩ ዞረ። ከማኅበሮቹ ሁሉ ወጣ፤ ገብርኤልን ብቻ አስቀረ። የዳማ ቁስል እስኪሽር ሸጊቱ የቅዳሜውን ጭነት በጀርባዋ ስታመላልስ አይቶ፣ መንገድ ላይ እየጠበቀ ግማሹን ይሸከምላት ጀመር። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ሸጊቱ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው።

«ይተዉኝ ጌታው። 'ጓድ ተቆጣጣሪን አሸከመች' እያሉ አገር አሳቁብኝ። ሊቀ መንበሩም በክፉ ዓይን ያየኝ ጀመር።»

ተወ። የሚክስበት መንገድ እንኳ ለእሷ ጭነት ሆነባት። ለክረምት ሰማንያ ኪሎ ገባ። ያን ዘመን የከሳ ሰው አይመሰገንም፤ የማያውቁት «ታስሮ ወጣ እንዴ?» ይላሉ፤ የሚያውቁት ደግሞ እትዬ ስንዱን በጆሮዋ «ምን ያመዋል?» ይሏታል።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ደርበው ልጁን ሲድር ጠራኝና ደባርቅ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበር። በገበያው ዳር ሳልፍ አንዲት ያረጀች ዳማ በቅሎ ጨው ተጭኖባት ቆማለች። ከጭነቱ ሥር፣ ቁስሉ የሻረበት ቦታ ላይ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ በቅሏል፤ ከሩቅ ይታያል። ባለቤቷን ላለማግኘት በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ጋሼ ያርጋል በየሳምንቱ በዚያው ገበያ ያልፍ ነበር፤ ሌላ መንገድ አይፈልግም።

ሠርጉ ቤት ከጎኑ አስቀመጡኝ። ኮቱ ሰፍቶታል። ስለ ጎንደር፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስቆ አሳቀኝ። ጥሬ ሥጋው ሲመጣ ደርበው ራሱ ቢላዋውን ይዞ መጣና ከሻኛው ላይ ለጓደኛው ሊቆርጥለት አጎነበሰ። ጋሼ ያርጋል ሳህኑን በእጁ ሸፈነ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው» አለ ደርበው። «የልጄ ሠርግ ነው። አልፎ አልፎ አይገድልህም።»

ጋሼ ያርጋል ፈገግ አለ። እጁን ግን ከሳህኑ አላነሣም።

«አዎ» አለው፣ «እኔን አይገድለኝም።»

ደርበው ሳቀ። እኔ የተቆረጠልኝን ሥጋ እያየሁ ተቀመጥኩ።